ጠሪ ያለው ደቦ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። ቀጥ ካለ ተራራውን በሚበሳው ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ወደ ግራ ከታጠፈ ግን ከደጋው ሳይወርድ መዘዞን አልፎ ሞላሌ ይገባል። ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ ሰሜን መሀል ሜዳ፣ ከዚያም ግሼ ራቤል አሉ። አገሩ ደጋ ነው፤ ነፋሱ ይጋረፋል፣ ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ያልደረሰ ገብስ ካገኘ አይምርም፣ የበልግ ዝናብ የቀረበት ዓመት ደግሞ ጎተራው ሳይሞላ ይከርማል። ቤቱ የድንጋይ፣ እርሻው ገብስ፣ ሀብቱ በግ ነው። የበጎ አድራጎት ቡድን ይዞ እዚህ የሚደርስ ሰው፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከዋሽንግተን ወይም ከሙኒክ፣ ገና ከመኪና ሳይወርድ የጎደለውን መቁጠር ይጀምራል፦ የመማሪያ ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ሴቶቹ ውኃ ከሩቅ ይቀዳሉ፣ ልጆቹ በዚያ ብርድ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ያየው ሁሉ እውነት ነው። የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚያደርገው ነው፤ ምን ይሠራ የሚለውን ጥያቄ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሰዋል።

መንዝ መረዳዳትን ከመጤ የሚማር አገር አይደለም። አጨዳ ሲደርስ፣ ቤት ሲሠራ ደቦ ይጠራል፤ ጉልበትን በተራ ለመበዳደር ወንፈል አለ፤ ለሐዘን ዕድር፣ ለጸሎትና ለወዳጅነት ማኅበርና ሰንበቴ አለ። ደቦ ደግሞ ብዙ ሰው ስለ ተሰበሰበ ብቻ ደቦ አይሆንም፤ ጠሪ ያስፈልገዋል። ማሳው የጠሪው ነው፣ ከየትኛው ጥግ እንደሚጀመር የሚያውቀው ጠሪው ነው፣ ጠላው የሚጠመቀውና እንጀራው የሚጋገረው በጠሪው ቤት ነው። ከመጡት መካከል ከጠሪው ይልቅ ሀብታም፣ ከጠሪው ይልቅ አዋቂ ሰው ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ቀን ግን ሁሉም ታዛዥ ነው፤ ይህን ማሳ ተዉትና ያንን እንጨድ የሚል አይገኝም። በሌላ ቀን ተራው ተገላብጦ ጠሪ የነበረው ታዛዥ ይሆናል። ስለ በጎ ፈቃድ ጉዞ የማምነው ከዚህ ይነሣል። ያልተጠራ ቡድን የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ሠርቶ ሲሄድ ሥራውን የእኔ ብሎ የሚይዝለት ሰው አያገኝም፤ ተጠርቶ የመጣ ግን ትንሽ ሠርቶም ቢሆን የሠራው ይቆያል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የሞላሌ በግ ይበቃል።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ፀጉሩ ሻካራ፣ ላቱ ወፍራም፣ አውራው ቀንዳም ነው። ባና የሚሠራው ከፀጉሩ ነው፤ በርኖስም እንዲሁ። ማዳበሪያ የሚገዛው፣ ለልጅ ደብተርና ለታመመ መታከሚያ የሚገኘው በግ ተሽጦ ነው፤ ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት ቤተሰብ የሚያድረው በበጉ ነው። ይህን በግ እናሻሽል ተብሎ የተደከመው ድካም ረጅም ታሪክ አለው። በመጀመሪያ ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየርና ሮምኒ የሚባሉ የውጭ ዝርያዎች መጡ። በባለሙያ ስሌት ሥጋቸውም ፀጉራቸውም ይበልጥ ነበር፤ ገበሬው ግን አልተቀበላቸውም። ላት የላቸውም፤ መልካቸውም የአገሩን በግ አይመስልም፤ ላት የሌለው በግ የፋሲካ ገበያ ቢወጣ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1980 ከእስራኤል አዋሲ የተባለው መጣ። እርሱ ላታም ነውና ይሻላል ተብሎ፣ በደብረ ብርሃንና በመንዝ አመድ ጉያ በተቋቋሙት ማዕከላት ከመንዝ በግ ጋር እየተዳቀለ ዲቃላ አውራዎች ለገበሬ ይታደሉ ጀመር። ይህም ብዙ አልሰፋም፤ ማኤዲ ቪስና የተባለው የበግ ሳንባ በሽታ በማዕከላቱ በመገኘቱ እደላው እስከ መቋረጥ ደረሰ። በዚህ ሥራ የደከሙትን ሰዎች ቅንነት አልጠራጠርም። ውሳኔው ግን ማዕከል ውስጥ ተጀምሮ ማዕከል ውስጥ ያልቅ ነበር፤ ገበሬው የተሰጠውን ይቀበል ዘንድ ነው እንጂ የሚፈልገውን ይናገር ዘንድ አልተጠበቀም።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት፣ ከቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው፣ በቦንጋ፣ በሆሮ፣ በአፋርና በመንዝ በማኅበረሰቡ የሚመራ የበግ ማሻሻያ ሥራ ጀመሩ። በመንዝ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ሞላሌ ነው። የመጀመሪያው ሥራቸው መጠየቅ ነበር፦ እናንተ ጥሩ አውራ የምትሉት የቱን ነው? ገበሬው ቁመናውን፣ ቀለሙን፣ ላቱን፣ ቀንዱን፣ ፈጥኖ ማደጉን ጠቀሰ። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ግልገል ሲወለድ ምልክት ይደረግበታል፣ ይመዘናል፣ ይመዘገባል፤ መዝጋቢው እዚያው አካባቢ የተቀጠረ ሰው ነው። በመዝገቡ ልቀው የተገኙት ወጣት አውራዎች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ባለሙያው የመዝገቡን ውጤት ይዞ ይቆማል፤ ገበሬዎቹ ደግሞ በጉን ይዞሩታል፣ ጀርባውን ይዳብሳሉ፣ ላቱን በመዳፋቸው ይመዝናሉ፣ ስለ እናቱ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ። የሚያልፈውን የሚለዩት እነርሱ ናቸው። የተመረጠው አውራ በቡድን የተደራጁት ገበሬዎች መንጋ ውስጥ በጋራ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ሆኖ ይሸጣል። ከውጭ የገባ አንድ በግ የለም፤ የገባው ሚዛኑ፣ መዝገቡና ስሌቱ ነው። ይህ አሠራር ዛሬ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተወስዶ ይሠራበታል። በርግጥ ተመራማሪዎቹን ሞላሌ ደብዳቤ ጽፎ አልጠራቸውም። ግን ሥራቸውን በጥያቄ ስለ ጀመሩ ጠሪው በመንገድ ተገኘ፤ ባለበጉ ሥራው የእርሱ መሆኑን አወቀ። አንድ የበጎ ፈቃድ ቡድን ከዚህ ሌላ ምንም ባይማር ይበቃዋል።

ከመሀል ሜዳ ማዶ ያለው የጓሳ ደጋ ይህንኑ በሌላ በኩል ያሳያል። ጓሳ ሣሩ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚለብሰው ጌሳ ይሠራበታል። ይህን ሣር ከዘመናት በፊት ጀምሮ ያቆየው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች የተወለዱት ባለመብቶች አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚሉትን አለቃ ይመርጣሉ፤ ደጋው ለ3፣ ለ4፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ለአጨዳ ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን መብት ሲያፈርስ የቄሮም ጉልበት አብሮ ላላ፤ ቆይቶ ግን ቀበሌዎቹ በኮሚቴ አቋቋሙት፣ የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርም ደገፋቸው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ የሚያድርበት ሎጅ የማኅበረሰቡ ነው። ማኅበሩ ከጀርመን ሲመጣ ጥበቃን ይዞ አልመጣም፤ ጥበቃውን አግኝቶ አቅም ጨመረለት። ጓሳን የተረፈ ደጋ ያደረገው ይህ ቅደም ተከተል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመንዝ ወደ ምዕራብ፣ በገደልና በወንዝ ተከልሎ ያለው መርሐቤቴ ስለ በጎ አድራጎት ለሚያስብ ሰው የበለጠ ግልጽ ትምህርት አለው። ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። መሥራቹ ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርል ሃይንዝ በም በቴሌቪዥን ቀርቦ ለአፍሪካ ረሀብተኞች ከእያንዳንዱ ተመልካች ትንሽ ገንዘብ ጠየቀ፤ የተገኘውን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በመርሐቤቴ ድርጅቱ ለዓመታት ቆይቶ ሠርቷል፤ በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። እኔን የሚስበኝ የሕንፃው ነገር ብቻ አይደለም። ድርጅቱ በአንድ አካባቢ ሲገባ ውኃውን፣ ትምህርቱን፣ እርሻውን፣ ጤናውን፣ የሴቶችን ኑሮ አንድ ላይ ይዞ ለረጅም ዓመታት ይቀመጣል፤ ሠራተኞቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በመጨረሻም ለሕዝቡና ለመንግሥት አስረክቦ ይወጣል። ሙኒክ አጠገብ ያለችው የፋተርሽቴተን ከተማም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከዓለም ከተማ ጋር የእኅትማማችነት ውል አላት። አንድ ከተማ ከአንድ ከተማ ጋር ይህን ያህል ዘመን ሲዛመድ፣ ሰጪው ተቀባዩን በስም ያውቀዋል፤ ዘንድሮ የተበላሸ ነገር ቢኖር ለከርሞ የሚጠየቅበት ሰው አለ። ለ2 ሳምንት መጥቶ ግድግዳ ቀብቶ የሚመለስ ቡድን የሚጎድለው ይህ ነው፤ ቀለሙ ሲላጥ የሚጠይቀው የለም።

የተራበ ሰው ተጠራሁ አልተጠራሁ እያለ የሚከራከር ረጂ አይፈልግም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ የሸዋን ሰሜንም ሲፈጅ፣ በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ ሲከዳ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ቀድሞ የደረሰ ሰው ነው የተመሰገነው። እሳት የተነሣበት ቤት ጎረቤቱን በወግ አይጠራም፤ እሪታው ራሱ ጥሪ ነው። የበጎ ፈቃድ ጉዞዎች አብዛኛዎቹ ግን ወደ እሪታ የሚሄዱ አይደሉም። የሚሄዱት ሰላም ባለበት ወር፣ ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጦ ነው። ለማሰብ ጊዜ ያለው ሰው የመጠየቅም ጊዜ አለው። በአደጋውም ጊዜ ቢሆን፣ ለማን ይቅደም የሚለውን ከቀበሌውና ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የመኪናው ባለቤት እህሉን ያመጣል፣ ዝርዝሩን ግን ከእነርሱ መቀበል አለበት።

ሌላው ተቃውሞ ከታሪካችን የሚነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ 280 ገደማ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው አስተማሩ። ብዙ አዛውንቶች ዛሬም በፍቅር ያነሷቸዋል። እነዚህ መንዝን ወይም ደሴን አውቀው የመጡ ነበሩ? አልነበሩም። ታዲያ ለምን ሠመረላቸው? መልሱ የእኔን ሐሳብ የሚያጸና ይመስለኛል፦ የመጡት መንግሥት መምህር ስጡን ብሎ ስለ ጠየቀ ነው፤ የተመደቡት በትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ አማርኛ እየተማሩ ለ2 ዓመት ያህል በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ርእሰ መምህር ሥር ቆዩ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም እንዲሁ ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት 1 ዓመት ሙሉ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግል ነበር፣ በአብዛኛውም በመምህርነት። የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከእነዚህ ይለያል። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወጡ፤ ማንበብ አስተማሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ትምህርት ቤት ሠሩ። ግን ከብዙዎቹ ጋር የተዘጋጀ ሐሳብ አብሮ ዘመተ፤ ገበሬው ምን መሆን እንዳለበት ወጣቱ ከከተማ ሳይወጣ ያውቅ ነበር፤ በብዙ ቦታም ከአካባቢው ሰው ጋር ተጋጨ። የወጣቱ መሥዋዕትነት አይካድም፤ እኔም አልክድም። ከዚያ ትውልድ ይልቅ የዛሬው ተጓዥ በትንሽ ትዕግሥት ብዙ ሊያተርፍ ይችላል።

ሐኪሞቹስ? ለ1 ሳምንት መጥቶ ዐይን የሚያበራ ሐኪም መጠየቅ የለበትም የሚል ሰው ምክንያት አለው። አማራ ክልል በትራኮማ ከዓለም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። በደጋው መንደር ወረንጦ በአንገቷ ያሰረች እናት ማየት እንግዳ አይደለም፤ ወደ ውስጥ የተቀለበሰው የዐይኗ ፀጉር ብሌኗን ሲፍቀው ትነቅልበታለች። ይህን የሚያስቆመው ቀዶ ሕክምና ግን ትንሽ ነው፤ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ይሠራዋል። በካርተር ማዕከል ድጋፍ በክልሉ ለዓመታት የተሠራው ትልቁ ሥራ እነዚህን ባለሙያዎች ማሠልጠንና መድኃኒቱን በየቤቱ ማዳረስ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. ገደማ ለ3 ዓመት ብለው መጥተው ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚህ ነው፤ የፊስቱላ ሆስፒታል ካቋቋሙ በኋላም የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ተምረው ወደ ገጠሩ ይመለሳሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽንም ያንኑ አደረገ፤ በየቀበሌው ከዚያው አካባቢ የተገኙ 2 ሴቶች ተመደቡ። ለ1 ሳምንት የሚመጣ ሐኪም ከጎኑ የአገሩን ነርስ አቁሞ ካስተማረ፣ በየዓመቱም ወደዚያው ጤና ጣቢያ ከተመለሰ፣ እጅ እነሣለሁ። ካልሆነ ግን የሚቀጥለውን ታማሚ የሚያየው ሰው የለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ከመንዝ ከራሱ የሚመጣው ነው። ደቦ የሚጠራው ጠላ ለመጥመቅ ገብስና ጌሾ፣ ለምሳ እንጀራና ወጥ ያለው ሰው ነው። ጎተራዋ የተራቆተ ባልቴት ማንን ትጠራለች? ቄሮም ቢሆን የባለርስቶች እንጂ የሁሉም አልነበረም፤ ከዘር ያልተቆጠረ ሰው ሣሩን ከሩቅ ያይ ነበር። ሽማግሌዎቹን ጠይቁ ስል ድሀዋ፣ ልጃገረዷ፣ አገልጋዩ ሳይጠየቁ ይቀራሉ ማለት ነው። ይህን አልክደውም፤ ለሐሳቤ መፍረሻ አድርጌ ግን አላየውም። ከውጭ የሚመጣ ቡድን በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነውና። ቡድኑ መጥራት ለማይችሉት የመጥሪያ አቅም ይሁን። የባልቴቷ ጣሪያ ከፈሰሰ ድንጋይ መጥረብና ክዳን መክደን የጎረቤቶቿ ሙያ ነው፤ የከተማ ልጅ በአንድ ቀን አይማረውም። ቡድኑ ገብሱን፣ ጌሾውን፣ በርበሬውን፣ እንጨቱንና ሚስማሩን ይግዛላት፤ ደቦውን በስሟ ትጥራ፤ ቡድኑም ከሌላው ጋር ድንጋይ ያቀብል። ያን ቀን እርሷ ባለቤት ናት፤ ለመጣው ሁሉ ምሳ ያቀረበችው፣ ሥራው ከየት ይጀመር ብላ የወሰነችው እርሷ ናት። በየከተማው በክረምት የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ በቴሌቪዥን እናያለን፤ ባለቤቷ ግን በአብዛኛው ዳር ቆማ ስታመሰግን ነው የምትታየው። ልዩነቱ ከገንዘቡ ይልቅ በሴትየዋ ክብር ላይ ነው።

በጎ ፈቃደኛው ራሱ ይማራል፣ አገሩን ያውቃል፣ ይህ ትንሽ ነገር ነው ወይ የሚሉም አሉ። ትንሽ አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ የመንዝን ብርድና የመንዝን ደግነት ቢያውቅ አገር ይጠቀማል። ለመማር የሄደ ግን ተማሪ ነኝ ይበል፤ ላስተማረው ቤተሰብም የሚገባውን ይክፈል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ለታተመው መጽሐፉ መንዝን ያጠናው የሚሰጠው ነገር አለኝ ብሎ ሳይሆን ሊያውቅ ፈልጎ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን እንግዳ መንዝ በደስታ ይቀበላል።

ጥሪን መጠበቅ የሚያመጣው ትልቁ ለውጥ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይታየኛል። የበጎ ፈቃድ ጉዞ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ምክንያቱ የከተማው ተማሪ ትምህርቱን የሚዘጋው ያን ጊዜ በመሆኑ ነው። በሞላሌ ሐምሌ ጭጋግና በረዶ ነው፤ ጭቃው መኪና ይይዛል፣ ጣሪያ አይከፈትም፣ ገበሬው በእርሻው ተጠምዷል፣ እህል ያለቀበት ወር ስለሆነም እንግዳ ማስተናገድ ይከብዳል። ቤት የሚሠራው ከመኸር በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ የተፋሰሱ እርከንም የሚሠራው በዚያው በበጋ ነው፤ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የአገሩን ሰው ቢጠይቁት ይህን በአንድ ደቂቃ ይነግራቸዋል። ክረምት ላይ ምን ይሠራል ለሚለውም መልስ አለው፦ ተማሪ ማስጠናት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በክረምት የሞላሌ ተማሪ ከትምህርት ቤት ነጻ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ልጅም ነጻ ነው፤ ፊዚክስና ሒሳብ ማስረዳት ደግሞ ድንጋይ ከመጥረብ ይልቅ የሚችለው ሙያ ነው። የትኛው ምዕራፍ እንደከበዳቸው፣ የትኞቹ ልጆች ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ማደሪያ እንደሚቸገሩ የትምህርት ቤቱ መምህራን በስም ያውቃሉ። ጉዞው ግንቦት ላይ ለርእሰ መምህሩ ስልክ በመደወል ይጀመር፤ ክፍሉን፣ ሰዓቱን፣ የትምህርቱን ቅደም ተከተል መምህራኑ ያውጡ፤ ቡድኑ ጠመኔውንና የመልመጃ መጽሐፉን ይዞ በተባለው ቀን ይድረስ፣ ለከርሞም ወደዚያው ክፍል ይመለስ።